እናቴ አማርኛ የምትናገርበት ህልም

እናቴ አማርኛ አታውቅም ነበር። እኔ ደግሞ አማርኛ አስተምሬ የማድር ሰው ነኝ። ይህን ስናገር የሰማኝ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ድሮ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ነገሩ በእኛ አገር ያን ያህል እንግዳ አይደለም። አባቴ ቡታጅራ ከተማ ሱቅ ነበረው። እናቴ እምድብር አጠገብ ባለው መንደራችን እንሰቷን ይዛ ቀረች። እንሰት ዓመት ሙሉ ሰው ይፈልጋል፤ ይተከላል፣ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል፣ ሲደርስ ይፋቃል፣ ይቀበራል። ስለዚህ ወንዱ ከተማ ሄዶ ይነግዳል፣ ሴቷ ጓሮውን ትጠብቃለች፣ በመስቀል ይገናኛሉ። እኔ ነፍስ ሳላውቅ «ትምህርቱ ከተማ ይሻለዋል» ተብዬ ከአባቴ ጋር ቡታጅራ ገባሁ። በሰፈራችን መስቃንኛም ስልጢኛም ኦሮምኛም ይሰማ ነበር። የእናቴ የቸሃ ጉራጊኛ ግን ከእነዚህ ውስጥ አልነበረም። አባቴም ከሱቅ ደክሞት ሲመለስ ለእኔ የሚቀለኝን አማርኛ ያወራኝና ይተኛል።

በመስቀል ወደ መንደር ስንሄድ እናቴና እኔ የነበረን ቋንቋ በእፍኝ የሚያዝ ነበር። ና፣ ብላ፣ ተቀመጥ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ዝናብ መጣ፣ ተኛ፣ እሺ። እኔ «አዶት» እላታለሁ፤ በቋንቋዋ እናት ማለት ነው። ከዚያ ያለፈውን በዓይንና በእጅ እንጨርሰዋለን። አባቴ ክትፎውን ወደ እኔ እየገፋ «ይኼ አስተርጓሚ አይፈልግም» ይል ነበር። እሷ ግን ዝም አትልም። እንደሚገባኝ ሁሉ አጠገቤ ቁጭ ብላ ረጅም ረጅም ነገር ታወራልኛለች። እኔ አፏን አያለሁ። ሲመሽ እሷም እኔም የጠገብን መስለን እንተኛለን።

አደግሁ፣ ተማርኩ፣ ወልቂጤ ውስጥ የአማርኛ መምህር ሆንኩ። አባቴ ቀደም ብሎ አረፈ። እናቴ ባለፈው ክረምት ታመመች።

እምድብር ካለ አንድ ክሊኒክ አስገባናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ እትዬ ትርፌ ሾርባ ልታመጣ ወጥታ እኔና እናቴ ብቻችንን ነበርን። እናቴ ዓይኗን ገለጠች፣ እጄን ሳበችኝና መናገር ጀመረች። ረጅም ነበር። ምርቃት ይሁን ኑዛዜ፣ ጥያቄ ይሁን ትዕዛዝ አላወቅሁም። መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ቆም ብላ ዓይኔን አየችኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሴን ነቀነቅሁላት። ሌላ ምን ላድርግ፤ ቆይ አስተርጓሚ ልጥራ አይባል። ስትጨርስ ከማውቃቸው ቃላት አንዱን መዝዤ በቋንቋዋ «እሺ» አልኳት። ፈገግ አለችና ዓይኗን ጨፈነች። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አረፈች።

ለቅሶው ሲያልቅ ለእትዬ ትርፌ ሁሉንም ነገርኳት። እትዬ ትርፌ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ገበያ ውላ ገበያ ስላደገች አማርኛ ታውቃለች። የእናቴን ድምፅ እያስመሰልኩ ያስታወስኩትን ልነግራት ሞከርኩ። ጆሮዋን አስጠግታ ደጋግማ አስባለችኝ።

«የኔ ልጅ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «ይኼ የማንም ቋንቋ አይደለም።»

ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። እኔም አልጠየቅኋት።

ከዚያ በኋላ ያ ንግግር በየቀኑ ከጆሮዬ እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ መሃሉ ጠፋ፣ ቀጥሎ አጀማመሩ። የቀረኝ ዜማው ብቻ ነበር፤ የት ከፍ እንዳለች፣ የት እንደቆመች። እናት ለልጇ የመጨረሻ ቃሏን ሰጥታ ልጁ የት እንዳስቀመጠው ጠፋው። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለ ዓረፍተ ነገር ክፍሎች እያስተማርኩ በሆዴ የማስበው ስለዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። መብላት ቀነስኩ፣ መተኛት አበዛሁ። ምክንያቱም አዶት በህልሜ ትመጣለች። ተቀምጠን እናወራለን፣ እንስቃለን፤ ስነቃ ደስታው ለአፍታ ደረቴ ላይ ይቆይና ይተናል።

አንድ ቀን በረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ግንባሬን ደፍቼ እንደተኛሁ ሰሚራ አገኘችኝ። ሰሚራ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ከእኔ በቀር ሁሉን ሰው በትህትና ነው የምታናግረው።

«ሳህሌ፣ አንተ ሰውዬ ደመወዝህ ለእንቅልፍ ነው እንዴ የሚከፈልህ?»

«እናቴን እያየኋት ነበር» አልኳት።

ቀልዷን ተወችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገሩን ከክሊኒኩ ጀምሬ ነገርኳት። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር አነሳች።

«ህልም ውስጥ ሆነህ ህልም መሆኑን አውቀህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ጅብ ያባርረኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሆኜም አልተወኝም። ኋላ ስልኬ ላይ አነበብኩና ተለማመድኩት። አሁን ጅቡ ሲመጣ ይኼ ህልም ነው እላለሁ። ዞር ብዬ ምን ፈለግህ እለዋለሁ።»

«ጅቡስ?»

«ያፍራል» አለችኝ።

ብዙ ጊዜ ቆይቼ የሳቅሁት ያን ቀን ነው። ግን ሳቄ ሳያልቅ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። የእናቴን ንግግር ጆሮዬ ሰምቶታል። ትርጉሙ ባይገባኝም ድምፁ ገብቷል። የገባ ነገር የሆነ ቦታ አለ። ህልም ውስጥ ነቅቼ «አዶት፣ ያን ዕለት ያልሽኝን ድገሚልኝ» ብላትስ? ድምፁን በትክክል ከያዝኩ እምድብር ሄጄ ለእትዬ ትርፌ እደግምላታለሁ፤ እሷ ትተረጉምልኛለች። ይህን ለሰሚራ ነገርኳት።

«እሱን ቃል አልገባልህም» አለች። «ወላሂ፣ የማላውቀውን አውቃለሁ አልልህም። መንቃቱን ግን አስተምርሃለሁ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ተማሪ ፊት ቆሜ እንደ ሕፃን አፍንጫዬን መያዝ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ሰሚራ እንዳለችው በቀን ውስጥ ደጋግሜ ራሴን «አሁን ህልም ላይ ነኝ ወይ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለይስሙላ ሳይሆን ከልብ። ከዚያ አፍንጫን በጣት ዘግቶ ለመተንፈስ መሞከር ነው። በውን አየር አይገባም፤ በህልም ግን ይገባል። ወይም ጽሑፍ አንብቦ ዞር ብሎ እንደገና ማንበብ፤ በህልም ጽሑፍ በቦታው አይቆይም። ቀን የለመድከውን በህልምህ ታደርገዋለህ፣ ያኔ ታውቃለህ ነው ነገሩ።

እኔም ለመድኩት። ባጃጅ ውስጥ አፍንጫዬን እይዛለሁ፣ ሰልፍ ላይ እይዛለሁ። አንድ ጊዜ ትምህርት መሃል ስይዝ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ «ቲቸር፣ ምን ሸተተዎት?» ብላ ጠየቀችኝና ክፍሉ በሙሉ ጎረቤቱን ማሽተት ጀመረ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ ሳነብ «ተሳስቶ ነው» እያሉ የሚያንሾካሹኩም ነበሩ። ህልሙ ግን እንደ ድሮው ነው። አዶት ትመጣለች፣ እናወራለን፣ አፍንጫዬ ትዝ አይለኝም፤ ስነቃ ይቆጨኛል። ሳምንታት አለፉ። ተስፋ ልቆርጥ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት አብረን ስንወጣ ሰሚራ ጠየቀችኝ።

«እስቲ ትናንት ያየኸውን ንገረኝ። ምን አለችህ?»

«ስለ ጎረቤታችን ላም ነገረችኝ። ላሟ አጥር ሰብራ እንሰቱን በልታባት፣ ባለቤቱን እንዴት አድርጋ እንዳሳፈረችው። እሷ ስታወራ ታውቂያለሽ፣ ሰዉን ሁሉ እያስመሰለች ነው።»

ሰሚራ ቆመች።

«በምን ቋንቋ?»

«እንዴት በምን ቋንቋ?»

«ሳህሌ፣ የላሟን ታሪክ በምን ቋንቋ ነው የነገረችህ?»

መንገዱ መሃል ደርቄ ቀረሁ። ባጃጅ ጡሩንባ ነፋብኝና ሰሚራ በእጅጌዬ ሳበችኝ። እናቴ ለወራት በህልሜ እየመጣች ጥርት ባለ አማርኛ ስታጫውተኝ አንድም ቀን አልገረመኝም። የአማርኛ መምህር ነኝ። ተማሪ አንድ ፊደል ቢያሳስት ከክፍሉ ጥግ ይታየኛል። ይህ ግን አልታየኝም።

«ምልክትህ እሱ ነው» አለች ሰሚራ። «አፍንጫህን ተወው። እናትህ አማርኛ ከተናገረች ተኝተሃል ማለት ነው።»

ያ ሁሉ ጨዋታ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ከራሴ ጋር የተጫወትኩት መሆኑን ያን ጊዜ ጠረጠርኩ። ግን ተስፋው ጥርጣሬውን በለጠው። ሰው የሚፈልገውን ሲያሳድድ ጆሮው አይሰማም።

የሚቀጥለው እሁድ ነው ነገሩ የሆነው። ሰሚራ እንዳስተማረችኝ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ትንሽ ተቀመጥኩ። ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል። «አዶት አማርኛ ከተናገረች ህልም ነው» እያልኩ ተመልሼ ጋደም አልኩ። ተማሪ ግጥም እንደሚሸመድድ ደጋገምኩት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ድምፅ በመንገዱ ሲያልፍ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ጎጇችን በር ላይ ቆሜያለሁ። ውስጡ እንደወትሮው ተጠርጎ ጸድቷል፤ ምሰሶው መሃል ቆሟል። አዶት ከጓሮ በኩል እግሯን ዘርግታ፣ እንሰቱን ጣውላው ላይ አስደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያዋ ትፍቃለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሳህሌ፣ መጣህ? ተማሪዎችህ እንዴት ሰነበቱ? ዘንድሮስ ሰዋስው ገባቸው ወይ?»

አዶትና ሰዋስው። ልመልስላት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ቆምኩ። እናቴ ይህን ቃል በዕድሜዋ ሰምታው አታውቅም። እጄ ራሱ ተነስቶ አፍንጫዬን ዘጋ። ሳብኩ፤ አየሩ ያለ ምንም ከልካይ ገባ።

«ህልም ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

ያንን ያልኩበትን ቅጽበት ልነግራችሁ ብሞክር አልችልም። ሁሉ ነገር በአንዴ ጠራ። የእንሰቱ ሽታ፣ የእጇ ደም ሥር፣ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ያለው ጭቃ። እናቴ መሞቷን አውቃለሁ፣ ፊት ለፊቴ መቀመጧንም አያለሁ። ልቤ ሲመታ ዙሪያው እንደሚጠፋ ሰሌዳ መንጣት ጀመረ። ሰሚራ «አትደንግጥ፣ የሆነ ነገር ያዝ» ብላኝ ነበር። አጠገቤ ያለውን የእንሰት ቅጠል ጨበጥኩ። ቀዘቀዘኝ። ዙሪያው ተመልሶ ረጋ።

ፊቷ ተንበረከክሁ።

«አዶት፣ ክሊኒክ ሳለን ያልሽኝን ድገሚልኝ።»

እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች።

«በርታ ልጄ፣ አምላክ ይጠብቅህ፣ በሄድክበት ሁሉ ይቅናህ ነው ያልኩህ።»

ጥሩ አማርኛ ነው። የወላጆች ቀን ሲሆን መድረክ ላይ ወጥቼ የምናገረው አማርኛ ነው። የእኔ ነው።

«አይደለም አዶት። በቋንቋሽ ንገሪኝ። ልክ እንደዚያን ዕለት።»

ፊቷ ተለወጠ። ሳታጠና የተጠየቀች ተማሪ መሰለች። መፋቂያውን አስቀመጠችና በቋንቋዋ ጀመረች። ድምፁ የራሷ ነው፤ አንዳች አልጎደለውም። ግን የምትለው፦ ና። ብላ። ተቀመጥ። ደህና ነህ ወይ። ዝናብ መጣ። ተኛ። እሺ። አለቀባት። ትንሽ ቆየችና ከመጀመሪያው ጀመረች። ና። ብላ። ተቀመጥ።

«ቀጥዪ አዶት፣ ከዚያ ቀጥሎ» አልኳት።

ቆም ብላ ዓይኔን አየችኝ። ያ የክሊኒኩ አስተያየት ነው። አሁን ግን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቃል እንዳቀብላት ነው የምትጠብቀው፤ እኔ ደግሞ የለኝም። ያኔ ገባኝ። ይህች ሴት ከእኔ የተሠራች ናት። እኔ የማላውቀውን አታውቅም። በእኔ ህልም ውስጥ እናቴ ለራሷ ቋንቋ እንግዳ ናት። ያን ሁሉ ዘመን እንደ ወንዝ ሲፈስ የነበረው ንግግሯ ከእኔ ዘንድ የተረፈው በእፍኝ የሚያዘው ብቻ ነው። ሌላው ከእሷ ጋር አፈር ገብቷል።

እንደገና ልትጀምር አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኩ።

«ይብቃ አዶት» አልኳት። «ይብቃሽ፣ አትድከሚ።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሌላ የምጠይቃት አልነበረኝም። እሷም መፋቂያውን አነሳችና ሥራዋን ቀጠለች። ሸርተት፣ ሸርተት የሚለው የመፋቂያው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ያ ድምፅ በልጅነቴ የመስቀል ሰሞን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ነው። እሱ ልክ ነበር፤ ምንም አልጎደለውም። ትርጉም ስለማያስፈልገው ይሆናል ሳይጠፋብኝ የቀረው። ትከሻዬን ትከሻዋ ላይ አስደግፌ እሱን ሳዳምጥ ቀስ በቀስ ወደ ዝናብ ተለወጠ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ነበር። ወልቂጤ፣ አልጋዬ ላይ ነኝ። ትራሴ ርሷል።

ለምን እንደሆነ ሳላውቀው ልብሴን ለብሼ መናኸሪያ ሄድኩና እምድብር የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከልማድ የተነሳ መንገድ ላይ አፍንጫዬን ያዝኩ። አየር የለም። በውኔ ነኝ።

እትዬ ትርፌ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ቃጫ ታበጥራለች። ከእንሰቱ የወጣውን ጭረት በጣቷ እየለየች ነው። ስታየኝ ፊቴን አይታ ደነገጠች።

«ምን ሆነሃል? ታመምህ?»

«አልታመምኩም እትዬ። አዶትን በህልሜ አይቻት ነው።»

«ሰጠችህ ወይስ ወሰደችብህ?» አለችኝ። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው በህልም ከታየ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኼ ነው፤ ከሰጠ ደግ፣ ከወሰደ ክፉ።

«ምንም አልሰጠችኝም። አማርኛ ነው የምታወራኝ።»

እንደማትስቅብኝ ስላወቅሁ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፤ ሰሚራን፣ አፍንጫውን፣ ሰዋስውን፣ ቋንቋዋ አልቆባት እንደ ሕፃን መደጋገሟን። እትዬ ትርፌ ቃጫውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ልነግርህ ያልፈለግሁት ነገር አለ» አለች። «ያኔ ከለቅሶው በኋላ ልነግርህ ብዬ፣ ያቃጥለዋል ብዬ ነው የተውኩት።»

«ንገሪኝ።»

«እህቴ እኮ አንተን በህልሟ ታይህ ነበር። ጠዋት ፊቷ ፈክቶ ከተነሳች አውቅባታለሁ። ‘ማታ ሳህሌ መጥቶ በቋንቋችን ሲያጫውተኝ አደረ’ ትለኛለች። ስለ ቡታጅራ ነገረኝ፣ ስለ ትምህርቱ ነገረኝ፣ ስለ አባቱ ሱቅ ነገረኝ ትለኛለች። እኔ እስቅባታለሁ። ‘ያ የከተማ ልጅሽ? ና እና ብላ ብቻ የሚያውቀው?’ እላታለሁ። ‘በህልሜ እንደ እኛ ነው የሚናገረው፣ እንዲያውም ካንቺ ይሻላል’ ትለኛለች።»

እትዬ ትርፌ ቀጠለች።

«ክሊኒክ ሾርባውን ይዤ ስመለስ፣ አንተ ውጪ ወጥተህ ነበር። ዓይኗን ገልጣ ‘ነገርኩት’ አለችኝ። ‘ዛሬ በውኔ እንደ ህልሜ ሰማኝ፤ እሺ አለኝ’ አለች። ምኑን ነገርሽው ብዬ አልጠየቅኋትም። ደክሟታል፤ ደግሞ አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነው።»

አለቀስኩ። ለቅሶ ላይ እንኳን እንደዚያ አላለቀስኩም። እኔ በህልሜ አማርኛ አስተምሬ ሳናግራት፣ እሷም በህልሟ ቋንቋዋን አስተምራ ስታናግረኝ ኖረናል። ሁለታችንም የምንፈልገውን ልጅና የምንፈልጋትን እናት ለየብቻችን ሠርተን፣ ጠዋት ጠዋት ፊታችን እየፈካ ተነስተናል። በመካከላችን የነበረው ግን ክትፎና እፍኝ ቃል ነው።

«አታለልኳት ማለት ነው» አልኩ ሲወጣልኝ።

እትዬ ትርፌ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችኝ፤ ልክ እንደ ልጅ።

«እሺ ብለሃታል። ምኑን እንደሆነ ካላወቅክ ደግ የሆነውን ሁሉ እንዳዘዘችህ ቁጠረው። ደግ ያልሆነ ነገር እህቴ አታዝም።»

ከዚያ ቃጫውን አነሳችና ጫፉን አስያዘችኝ። እያበጠረች ስሙን በቋንቋቸው ነገረችኝ። ደገምኩት። አሳሳትኩ፤ ሳቀችብኝና አረመችኝ። በጉልምስናዬ ተማሪ የሆንኩት ያን ቀን ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከመካከላችሁ ህልም ውስጥ መንቃትን መሞከር የሚፈልግ ካለ ይቻላል እላለሁ። ሰሚራ እንዳለችው ነው፤ ምልክቱን አግኙ፣ ስታገኙት አትደንግጡ፣ የሆነ ነገር ያዙ። ግን እዚያ የምታገኙት የምትናፍቁት ሰው እናንተ ስለ እሱ የምታውቁትን ያህል ብቻ ነው የሚያውቀው። በሕይወት ሳለ ያልጠየቃችሁትን አይመልስም፣ ያልሰማችሁትን አይደግምም። የህልም እንጀራ የሚባለው ለካ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ የሚጋገረው ከራስ ዱቄት ስለሆነ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ያላችሁ፣ ዱቄቱን አሁን ሰብስቡ። ሌላ ምክር የለኝም።

ድሮ ተማሪዎቼ ድርሰት ላይ የቤታቸውን ቋንቋ ቃል ሲቀላቅሉ በቀይ አሰምርበት ነበር። አሁንም አሰምርበታለሁ፤ ፈተናው አማርኛ ነውና። ግን ከጎኑ «ትርጉሙን ነግረኸኝ ውጣ» እጽፋለሁ። አንዳንዶቹ ነግረውኝ ለመውጣት ሲሉ ረፍታቸው ያልቃል።

እሁድ እሁድ እምድብር እሄዳለሁ። እትዬ ትርፌ ጨካኝ አስተማሪ ናት፤ እኔ ለተማሪ የማደርገውን ግማሽ እንኳን አታዝንልኝም። ቃል ስጠይቃት ዕቃውን ካልያዝኩ አትነግረኝም። ከብዙ እሁድ በኋላ እንደ ሦስት ዓመት ልጅ እናገራለሁ ትለኛለች፤ ስትቆጣ ወደ ሁለት ታወርደኛለች።

አዶት ትመጣለች፣ አሁንም አማርኛ ትናገራለች። ሳውቅባት አልጠይቃትም፤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ነገር ሆነ። እየፋቀች ሳለ ቃጫውን ከእንሰቱ ለየችና ያዝልኝ ብላ አቀበለችኝ። ስታቀብለኝ ስሙን በቋንቋዋ ጠራችው። በህልሜ አፏ ላይ ሰምቼው የማላውቀው ቃል ነው፤ አክስቴ ቃጫውን አስይዛ ያስተማረችኝ። እናቴ ልክ እንደ እኔ መጨረሻውን ትንሽ አሳሳተችው።

ያን የክሊኒኩን ንግግር በዚህ አካሄድ እንደማንደርስበት አውቃለሁ። እሷም እኔም ገና ነን። የሚመጣው እሁድ የእንሰቱን ቅጠል ስም ልማርላት ነው።